አባቴ ደግመው የሰሙት መስመር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰው ዕቃ አይጥልም። የተሰበረ ማራገቢያ፣ ገመዱ የላላ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ ሁሉም አልጋ ሥር ይገባል። ድሮም ቢሆን ቆጣቢዎች ነበርን። ከተማዋ በጦርነቱ ባዶ ከሆነችበት፣ ሁላችንም በእግርም በጭነት መኪናም ወደ ደብረ ሲና ከወጣንበት ጊዜ ወዲህ ግን ነገሩ ከቁጠባ አልፎ ሕግ ሆኗል። ስንመለስ ቤት ውስጥ የጠበቀን አሮጌ አሮጌው ዕቃ ነበር፤ አዲስ አዲሱን የፈለገው ወስዶታል። ኔትወርኩም ተቆርጦ ከረመ። ያን ጊዜ ሥራ ያስጀመረን በየፍላሹ ተረስቶ የቀረ ያረጀ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በኋላ በቤታችን «አሮጌውን እንዳታጠፉት» ሳይባል የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ይህን የማወራው ለወንድሜ ሰበብ ለመስጠት አይደለም። ሰበብ ሲያምረው ራሱ ያገኛል፤ ለዚህ የሰው እርዳታ አያስፈልገውም። ነገር ግን በአባቴ ላይ የደረሰው ከአንድ ሰው ችኮላ ብቻ የመጣ አይደለም። የቤታችን አመልም አለበት።

አባቴ የወረዳ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ክርክር በታይፕ ሲመቱ ኖሩ። በታይፕ የተመታ ነገር አይሰረዝም፤ የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን ከነካርቦኑ አውጥቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። አባቴ አይሳሳቱም ነበር። ዳኛ ሲሳሳት እንኳ ቀና ብለው «ክቡር ዳኛ፣ ቅድም ያሉት ሌላ ነው» ይሉ ነበር ይባላል፤ ዳኛውም ይታረማል። የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነበር፤ የሰሙትን አይረሱም፣ የጻፉትን አይስቱም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ስኳር ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። እናቴም በዚያው ሰሞን ሞተች። ለረጅም ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከዋናው መንገድ የሚመጣውን የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰሙ ከረሙ። አንድ ቀን ግን ጠሩኝና «ስለ እናትሽ መጻፍ እፈልጋለሁ» አሉኝ። የወንድሜ ልጆች አያታቸውን አያውቋትም፤ እነሱ እንዲያውቋት ነው። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎት አልኳቸው።

«እኔ የሰው ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «የራሴን ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፈው? አላስጽፍም። ራሴ እጽፈዋለሁ።»

እኔ ደብረ ሲና ባለ አንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሳምንቱን እዚያ ብርድ ላይ እቆያለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ጃኬቴን መንገድ ላይ አወልቃለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ላብ በላብ ነኝ። ያንን ክረምት በትርፍ ጊዜዬ ለአባቴ አንድ ነገር ሠራሁላቸው። ኤዲተር የምንለው ፕሮግራም አለ፤ ጌጥ የሌለበት፣ ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበት። በራሱ ብዙ አያውቅም፤ የጎደለውን ነገር በቅጥያ ይሞሉለታል። የኔ ቅጥያ ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱ የቁልፍ ነው፤ ፊደሉን ሁሉ የአባቴ ጣት በሚያውቀው በድሮው የታይፕ አቀማመጥ ያስቀምጣል። ሌላው የድምፅ ነው፤ የተጻፈውን ያነባል። ድምፁ የወንድ ሆኖ ጆሮ የሚበላ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ሲሰሙት «ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉ። ለመዱት ግን። ከዚያ በኋላ ስሙ ጉንፋም ሆኖ ቀረ።

ኤፍ ሰባት ሲጫን ጉንፋም ያሉበትን መስመር ያነባል። ኤፍ ስምንት ሲጫን መስመሩን ካነበበ በኋላ ያጠፋዋል፤ ሲጨርስ «ጠፋ» ይላል። ከማጥፋቱ በፊት ማንበቡ የአባቴ ሐሳብ ነው። «የማጠፋውን ሳልሰማ አላጠፋም» ብለው ነው ያሠሩኝ።

ቅጥያ ከሶርስ ኮድ ተነስቶ ሲሠራ አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ተማሪዎቼን እስኪሰለቹኝ የምነዘንዛቸው ነገር ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ኮምፓይል አድርጎ፣ ለራሱ በሚመቸው መልክ በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል። አሮጌው ቨርዥን ተከፍቶ እየሠራ ሳለ አዲሱን የሠራ ሰው፣ የትናንት ወጥ ባልታጠበበት ድስት የዛሬውን እንደሚሠራ ሰው ነው። የኮምፓይል ፋይሎቹም ጎን ለጎን ከተቀመጡ ኤዲተሩ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል፤ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ አይጠይቅም። ከአንዱ እግር ከሌላው ራስ ወስዶ ይቆማል፤ ይሄዳልም። የሚከፋው መሄዱ ነው። ቢወድቅ እኮ ሰው ያየዋል።

ስለዚህ «ዝጉ፣ ጥረጉ፣ ባዶውን ክፈቱ፣ ከዚያ ሥሩ» እላቸዋለሁ። አሮጌው ያሳሳችሁ ከሆነ ፍላሽ ላይ አውጡት፤ ማሽኑ ውስጥ ግን አንድ ብቻ ይኑር። ተማሪዎቼ እሺ ይላሉ፤ ሁለቱንም ያስቀምጣሉ። እነሱም የዚህ አገር ልጆች ናቸው።

አባቴ በጉንፋም ደህና ሲጽፉ ከረሙ። ዓርብ ስደርስ አያስነብቡኝም ነበር። «ሲያልቅ» ይሉኛል። ከጓዳ ሆኜ የጣታቸውን ድምፅ እሰማ ነበር፤ የድሮው የታይፕ ምት ነው፣ አይቸኩልም፣ አይቆምም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ደስ የሚል ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው። አዲስ አበባ በሶፍትዌር ሥራ ይተዳደራል፤ ለኛ ለታች ሰዎች ጊዜ ሲያገኝ ይመጣል። ለዒድ መጣ። እኔ በዚያ ሰሞን ፈተና ላይ ስለነበርኩ በዓሉን ውዬ በማግስቱ ወደ ደብረ ሲና ተመልሼ ነበር። የቅጥያዬን ሶርስ ኮድ ለቤተሰብ ብዬ ሰጥቼው ነበርና፣ ሳይጠይቀኝ ነካክቶ አዲስ ቨርዥን አዘጋጅቷል። ጉንፋምን በአንዲት ጥርት ያለች ሴት ድምፅ ቀይሮታል። ቁልፎቹንም አዛውሯል። የሆነውን የነገሩኝ ግቢያችን ውስጥ የተከራዩት ሴት ናቸው፤ ሆቴል ቤት ነው የሚሠሩት፣ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ገብተው እዚያው ተቀምጠው ነበር።

አባቴ እየጻፉ ነበር አሉ። ወንድሜ «ቆይ አንዴ፣ አባ» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበው። ኤዲተሩን አልዘጋም፤ እዚያው በተከፈተበት አዲሱን ሠራው። አባቴ የቁልፉን ኳኳታ ሲሰሙ ደነገጡ።

«አሮጌውን እንዳታጠፋው! ኔትወርክ ቢጠፋ ምን ይውጠኛል?»

«አላጠፋም አባ። አጠገቡ ነው የማስቀምጠው።»

እውነቱን ነው፣ አጠገቡ አስቀመጠው። ሥራዬ ብሎ በየቀኑ ይህን የሚሠራ ሰው እንዴት አጠገቡ ያስቀምጣል ብዬ ብዙ ተብከንክኛለሁ። ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። አባቱ ቤት ሲሆን ግን ለምን ይጠንቀቅ? አባቱ ቤት ማለት ጫማ ሳያወልቁ የሚገቡበት ነው።

ከዚያ አስተማራቸው። «ለመስማት ኤፍ ስምንትን ይጫኑ።»

«ኤፍ ስምንት ማጥፊያው አልነበረም እንዴ?»

«ተቀይሯል። ከጎኑ ክፍተት ስላለ ለጣትዎ ይቀላል። ማጥፊያውን ሁለት ቁልፍ አድርጌዋለሁ፣ በስህተት እንዳይነኩት።»

አባቴ ተጫኑ። ጥርት ያለችው ሴት መስመራቸውን አነበበችላቸው። «ማሻአላህ» አሉ። እትዬ «እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ እኮ ነው የምታነበው!» ብለው አጨበጨቡ። ወንድሜ ቻርጀሩን እየጠቀለለ ነበር፤ ጉም ሳይወርድ ዳገቱን ማለፍ ይፈልጋል። መስመሩ ሲነበብ ሁሉም ሰማ። ስክሪኑን ግን ዓይን ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱም አላየውም።

ማታ ደውሎልኝ «ለአባ ድምፁን ቀየርኩላቸው» አለኝ። ድምፁን። ስለ ቁልፉ አላነሳም። እኔም ደስ ይበላቸው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ መለወጥ ጀመሩ። መጀመሪያ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። «ጋሼ አንድ ታሪክ ደጋግመው ያወሩኛል» አሉ በስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስለ ጀውሃው ቀን ነግሬሽ ነበር ወይ ይሉኛል። አዎ ስላቸው ያዝናሉ። በነጋታው ደግሞ ይጠይቁኛል።» እናቴ የጀውሃ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው፤ አባቴ ከዳኞች ጋር የድንበር ክርክር ሊያዩ ወርደው እዚያ ነው ያገኟት። እትዬ በቅንነታቸው ክብሪቱን ደበቁ። ስኳር የያዘው፣ የማያይ፣ የሚረሳ ሰው ምድጃ ቢያቀጣጥልስ ብለው።

ወሬው በሰፈር ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ እርቅ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ የመሬት ጠብ ሆነ የትዳር፣ «ያኔ ምን ተባብለን ነበር?» ሲባል ፊቱ ሁሉ ወደሳቸው ይዞር ነበር። ቀስ በቀስ መጥራታቸውን ተዉ። ማንም ምንም አላላቸውም። ሰው አክብሮ ነው የተዋቸው፤ አክብሮ ሲተዉት ደግሞ ሰው የሚከራከርበት ነገር እንኳ አያገኝም።

ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ አስመረመራቸው። ሐኪሙ ብዙ ነገር ጠየቃቸው፣ መለሱ። ዕድሜ ነው ተባለ። ወንድሜ ደወለልኝና «መቀበል አለብን» አለ። ሰው አንድን ነገር ማጣራት ሲታክተው «መቀበል አለብን» ይላል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

በቀጣዩ ዓርብ ስወርድ አባቴ በረንዳው ላይ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ነበሩ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ጣቶቻቸው እየተንቀሳቀሱ ነበር፤ ባዶ ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። ውስጥ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ በጨርቅ ተሸፍኗል።

«ትተውት ነው እንዴ አባ?»

«ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«የጻፍኩትንና ያሰብኩትን መለየት አቃተኝ» አሉ። «ጻፍኩት ብዬ እምላለሁ። ወላሂ፣ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ወደ ቦታው ተመልሼ ሳስነብበው የለም። እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ቀን ሳስነብበው አሁንም የለም። አውርቼው ብቻ ይሆን እያልኩ ተከራያችንን እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰብኩትን ሁሉ የጻፍኩ የሚመስለኝ? ለሰው አትንገሪ እንጂ ፈርቻለሁ።»

አባቴ ፈርቻለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከተማዋን ጥለን ስንወጣ፣ በጭነት መኪና ላይ ሆነው እንኳ አላሉም። የሰሙትን የማይረሱት ሰውዬ በራሳቸው ላይ ምስክር ሆነው ቀርበዋል፤ የሚከራከርላቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ያን ቀን አልተከራከርኩላቸውም። እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት» አልኩ፤ አይዞዎት ማለት አምኛለሁ ማለት ነው።

ማሠልጠኛው ሲዘጋ ለረጅም ዕረፍት መጣሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ጓዳ ሆኜ ማሾ ስለቅም የጣታቸውን ምት ሰማሁ። ተኝታለች ብለው መሆን አለበት። እጄን አቁሜ አዳመጥኩ። ምቱ ቆመ። ጥርት ያለችው ሴት አነበበች፤

«ጀውሃ ላይ ውሃ ስጠይቃት፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ አለችኝ። እጄ በካርቦን ወረቀት ጠቁሮ ነበር።»

ሳልጠራ ሳቄ መጣ። እናቴን ያገኘኋት መሰለኝ፤ ልክ እንደሷ ነው፣ ለጠማው ሰው እንኳ ቅድሚያ ንጽሕና። እየሳቅሁ ገብቼ ከኋላቸው ቆምኩና ስክሪኑን አየሁ። መስመሩ የለም።

«አባ፣ ለምን አጠፉት? እንዴት ያለ ጥሩ ነገር!»

«ምኑን?»

«የእጁን። የካርቦኑን።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አላጠፋሁም» አሉ። «ሰማሁት እንጂ።»

ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን ቀረብኩት። «እስቲ ከላይ ያለውን ደግሞ ይስሙ» አልኳቸው። ወደ ላይ ወጡ፣ ኤፍ ስምንትን ተጫኑ። ሴትየዋ በሚያምር ድምፅ መስመሩን አንብባ ጨረሰች። ዓይኔ እያየ መስመሩ ሄደ። የታችኞቹ ከፍ ብለው ቦታውን ዘጉት። ምንም ድምፅ የለም።

ኤዲተሩን እያንዳንዱን ክፍል ከየት እንደጫነው ጠየቅኩት፤ ለመጠየቅ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የድምፁ ክፍል የወንድሜ አዲሱ ነው። የቁልፉ ክፍል የኔ አሮጌው ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ተጋብተዋል። በአሮጌው ቁልፍ ኤፍ ስምንት ማለት አንብበህ አጥፋ ማለት ነው፤ በአዲሱ ትምህርት ደግሞ ስማ ማለት ነው። አሮጌው ሲያጠፋ «ጠፋ» እንዲባል ያዛል፤ አዲሷ ሴትዮ ግን ያንን ትእዛዝ አታውቀውም፣ ዝም ትላለች። አባቴን ልታድናቸው ትችል የነበረችው አንዲት ቃል በሁለቱ መሐል ወድቃ ቀርታለች።

አስረዳኋቸው። እንደ ፍርድ ቤት ሰው ጸጥ ብለው አዳመጡ። ስጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስለዚህ ጽፌው ነበር?»

«ሁሉንም ጽፈውታል አባ። ምንም አልረሱም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። አባቴን ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የተቀበረች ቀንና ያን ቀን ነው።

ለወንድሜ ደወልኩ። «ኮንፍሊክት ነው እንዴ?» አለ። «እሱማ ቀላል ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አሮጌውን ከዚያ አንሺው።» ስለጠፋው ጽሑፍ ስነግረው «ዋናው ጭንቅላታቸው ደህና መሆኑ ነው፣ አልሐምዱሊላህ በይ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ሁለት ደቂቃ! አባቴ በዚያ ሁለት ደቂቃ እጦት ከሽማግሌነት ወርደዋል፣ ክብሪት ተከልክለዋል፣ ለማያውቁት ሐኪም ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ እንደ ሕፃን መልሰዋል።

እትዬንም ነገርኳቸው። «የፕሮግራሙ ጥፋት ነው፤ እሳቸው ምንም አልሆኑም» አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ። «አይዞሽ፣ እኔም ለእናቴ እንዲህ ብዬ ነበር» አሉ። ክብሪቱን አልመለሱትም። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ምን ልበል? የሁለት ቨርዥን መጋባት ነው ብዬ? የአንድ ሰው ስም ሲበላሽ ሁሉም ይገባዋል፤ ሲጸዳ ግን ማስረዳት ይጠይቃል።

ጽሑፉን ለማዳን ሞከርኩ። ኤዲተሩ መጠባበቂያ ኮፒ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን የመጨረሻውን አንድ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋባቸው ብዬ በየመስመሩ ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ነበር፤ ስለዚህ መጥፋቱንም በየመስመሩ አስቀምጦታል። የተረፈውን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ።» «በዚያ ዓመት ማሾ ረከሰ።» «ወደ ካራቆሬ ተዛውሬ ሠራሁ፣ ተመለስኩ።» እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ጽፈው ያለፉት፣ ደግመው ሊሰሙት ያላማራቸው ሁሉ አለ። ወደው የሰሙት ሁሉ የለም። እናቴ ከገጹ ውስጥ አንድ በአንድ፣ በሚያምር ድምፅ እየተነበበች ወጥታለች።

የወንድሜ መወለድ አለ። በአንድ መስመር፣ ደህና ተደርጎ ተጽፏል። የኔን ፈለግኩ። የለም። አባቴ ወዲያው ገባቸው።

«ጽፌው ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ አባ።»

ደስ አለኝ። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ እንዲያውቀው ብፈልግም አልነገርኩትም። በጠፋ ነገር የምደሰት ሰው ያደረገኝን ነገር ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

በነጋታው እንደ አዲስ ልሠራው ተቀመጥኩ። የሴትዮዋ ድምፅ ይቆይልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የለም፣ ጉንፋም ይመለስ» አሉ። «እሱ ቢያንስ ሲያጠፋብኝ ይነግረኛል።» ኤዲተሩን ዘጋሁ። የወንድሜን ቨርዥን ፍላሽ ላይ አወጣሁት፤ ማጥፋቱንስ አባቴ አይፈቅዱም። ኮምፓይል የተደረገውን ሁሉ፣ የኔንም የሱንም፣ ጠረግኩ። ኤዲተሩን ያለ ምንም ቅጥያ፣ ባዶውን ከፈትኩ። ከሶርስ ኮዱ ሠራሁ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። የቁልፉንም የድምፁንም ክፍል ቨርዥንህ ስንት ነው፣ ከየት ነው የመጣኸው ብዬ ጠየቅኩ፤ መልሳቸው አንድ ሆነ። ቀላል ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝም ቀላል መሆኑ ነው።

አባቴ ወንበሩን ሳቡ። ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ምቱ እንደ ድሮው ነበር። «ጀውሃ ላይ ውሃ ስጠይቃት» ብለው ጀምረው የእጁን፣ የካርቦኑን ጨርሰው ጻፉት፤ አንድ ፊደል አልተሳሳቱም። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ለመስማት ወደ ላይኛው ረድፍ ሄደ። ኤፍ ሰባትን ዳበሱት፣ ኤፍ ስምንትን ዳበሱት፣ በሁለቱ መሐል ጣታቸው ቆመ። ሳይጫኑ እጃቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱት።

«አሁን እኮ ደህና ነው፣ አባ። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«አውቃለሁ ልጄ። አንቺ በዓይንሽ እይልኝ» አሉ። «አለ?»

«አለ።»

ሌላ መስመር ጻፉ። «አለ?» አሉ። አለ አልኳቸው።

አሁንም እንዲሁ ነው የምንሠራው። ዓርብ ስደርስ ገና ጃኬቴን ሳላስቀምጥ ኮምፒውተሩን ከፍተው ይጠብቁኛል፤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ይጽፋሉ፣ በየመስመሩ «አለ?» ይሉኛል። ራሴ እጽፈዋለሁ ያሉት አባቴ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ጨርቁን ከኮምፒውተሩ ላይ አያነሱም።